ሶሺዮሎጂ ተምሬ በዓለም አቀፍ የኅብረተሰብ ጤና መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄው የመጣው ከሀዋሳ ነው። ጠያቂዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። በሶሺዮሎጂ በ3.4 ተመርቃለች፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች። አማርኛ፣ ሲዳምኛና እንግሊዝኛ ትችላለች። ሲቪዋን አያይዛ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«ህልሜ በዓለም ጤና ድርጅት ወይም በአፍሪካ ሲዲሲ (በአፍሪካ ኅብረት የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) መሥራት ነው። ጓደኞቼ ግን ‹የጤና ባክግራውንድ ከሌለሽ አርፈሽ ተቀመጪ› ይሉኛል። አባቴ የግል ኮሌጅ ገብቼ ነርሲንግ እንድማር ይፈልጋል፣ ሊከፍልልኝም ዝግጁ ነው። አንድ የውጭ ትምህርት ኤጀንሲ ደግሞ በስድስት ወር የሚያልቅ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ በኦንላይን አለ ብሎኛል፣ ክፍያው በዶላር ነው። ከሁለቱ የትኛውን ልምረጥ?»

ሁለቱንም አትምረጪ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ግን መጀመሪያ ጓደኞችሽ የሳቱትን ነገር እናስተካክል።

ሕክምና የታመመውን ሰው ያያል። የኅብረተሰብ ጤና አንድ ሰፈር ወይም አንድ አገር ለምን እንደሚታመም ይጠይቃል። ውሃው ከየት ነው የሚቀዳው? ክትባቱ ጤና ጣቢያ ደርሶ እናቲቱ ልጇን ለምን አላስከተበችም? ከእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ሐኪም የሚመልሳቸው አሉ፣ ኢኮኖሚስት የሚመልሳቸው አሉ፣ አንቺ የተማርሽው ትምህርት የሚመልሳቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ራሳቸው ሐኪም አይደሉም። የመጀመሪያ ዲግሪያቸው በባዮሎጂ ነው፣ ዶክትሬታቸው ደግሞ በኮሚዩኒቲ ጤና። ከእሳቸው በፊት ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግን ሁሉም ሐኪሞች ነበሩ። ስለዚህ የጓደኞችሽ ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ያረጀ ነው እንጂ።

ሶሺዮሎጂ እዚህ ሥራ ላይ ምን እንደሚሠራ በአንድ ነገር ላሳይሽ። በጤና ዳሰሳ ጥናቶች ላይ የማትቀር ጥያቄ አለች፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጅዎ ተቅማጥ ነበረው?» ቱላ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ቁጭ ብለሻል እንበል። ልጁ ዘጠኝ ወሩ ነው። እናቱ «አይ፣ ደህና ነው» ትልሻለች። አጥሩ ላይ ግን የታጠቡ ጨርቆች ተደርድረው ተሰጥተዋል። እናቲቱ አልዋሸችም። ልጁ ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ደግሞ ያስቀምጠዋል፣ ይህ ለእሷ በሽታ አይደለም። የቸኮለ ጠያቂ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል። ነገሩ የገባት ጠያቂ «ትናንት ስንት ጊዜ ጨርቅ ቀየርሽለት?» ትላለች። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ከወጣው፣ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ተቅማጥ ነው። ያ ስህተት በሺህ ቤት ሲደጋገም ወረዳው ጤነኛ መስሎ ይታያል። እናትየውም «በሽታ አይደለም» ብላ ስላመነች ኦአርኤስም ዚንክም አትሰጠውም። ልጆች የሚሞቱት እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሌላው ምሳሌ ጎረቤት ነው፣ ወላይታ። በባዶ እግር በቀይ እሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት አለ፣ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ሕዝቡ ከሌላው ዝሆኔ ለይቶ አያየውም። አይተላለፍም፣ ጫማ በመልበስና እግርን በመታጠብ መከላከል ይቻላል። ተመራማሪዎች እዚያ የበሽታውን የዘር ተጋላጭነት ለማጥናት ሲነሱ፣ ደም ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡን አነጋገሩ። ቤተሰቦቹ የፈሩት መርፌውን አልነበረም። «በዘር ነው» ከተባለ ልጆቻችን ሳያገቡ ይቀራሉ ብለው ነበር የፈሩት። ስለዚህ ጥናቱ የሚገለጽበትና ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ በዚያው ተቃኘ። የዘር ጥናቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታትሟል። ያንን ፍርሃት ፈልፍሎ ያወጣው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው። ያም ሙያ ነው፣ ይከፈልበታል።

ስፋቱን ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ኢቦላን አስቢ። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ28 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ከ11 ሺህ በላይ ገደለ። ሬሳ ማጠብና መቅበር ዋና ከሚባሉት መተላለፊያዎች አንዱ ነበር። መጀመሪያ ላይ የቀብር ቡድኖቹ ሬሳውን በከረጢት ጠቅልለው፣ ኬሚካል ረጭተው፣ ቤተሰብ ሳያስጠጉ ይወስዱ ነበር። ሰው ሬሳ መደበቅ ጀመረ። እኛ ዘንድ እድር ሳይጠራ፣ ለቅሶ ሳይደረስ ሰው ቢቀበር ምን እንደሚመጣ አንቺው ታውቂዋለሽ። አንትሮፖሎጂስቶች ከሽማግሌዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተነጋገሩ። በኖቬምበር 2014 የዓለም ጤና ድርጅት ቤተሰብ የሚሳተፍበት፣ ጸሎት የሚደረግበት፣ ክብር ያለው ቀብር እንዴት እንደሚፈጸም መመሪያ አወጣ። በዚያ ወረርሽኝ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ ከላቦራቶሪ ባለሙያው እኩል አስፈላጊ እንደሆነ ብዙ ድርጅት ተምሯል።

ይህን ስልሽ ሁሉም በር ክፍት ነው ማለቴ አይደለም። ላቦራቶሪና ክሊኒካል ሥራ ያንቺ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አገራችን የጀመረችው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ስልጠናም የሚቀበለው በዋናነት የጤና ባለሙያዎችን ነው። ማስታወቂያው ላይ የሕክምና ወይም የጤና ዲግሪ ግዴታ ነው ከተባለ፣ «ምናልባት ይቀበሉኝ ይሆናል» ብለሽ ጊዜሽን አታቃጥይ። ያንቺ ሜዳ ሌላ ነው፦ የማኅበረሰብ ተሳትፎና የጤና ኮሙኒኬሽን፣ የዳሰሳ ጥናት፣ ክትትልና ግምገማ፣ የፕሮጀክት አመራር፣ የጤና ፖሊሲ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችን የመሰለ ስሙ ሐኪም የሆነ ድርጅት እንኳ የጤና ማስተዋወቅ፣ የሎጂስቲክስና የአስተዳደር ሠራተኞች ይቀጥራል።

አሁን ወደ ሲቪሽ ልምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚህ ሲቪ ማንም አይጠራሽም። ምክንያቱ ግን ሶሺዮሎጂው አይደለም። «ጥሩ የመግባባት ችሎታ፣ በቡድን የመሥራት ብቃት፣ ማይክሮሶፍት ኦፊስ» ይላል። ይህን የማይጽፍ አመልካች አላየሁም። ቅጥር ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነው። መጠይቅ አዘጋጅታ ኮቦ በሚባለው የዳታ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ላይ መጫን ትችላለች? ከ600 ቤት የተሰበሰበ ዳታ ተዘበራርቆ ቢሰጣት አጽድታ ሠንጠረዥ ታወጣለች? የቡድን ውይይት መርታ ከሁለት ሰዓት ቅጂ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ የሚያነበው አምስት ገጽ ትጽፋለች? ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለውን የጤና መረጃ ሥርዓት ከፍታ የወረዳውን የክትባት ቁጥር ታነባለች? ከእነዚህ ሁለቱን «አዎ» ማለት ስትችዪ የዲግሪሽ ስም ጥያቄ መሆኑ ይቀንሳል።

«ዓለም አቀፍ» የሚለውም ቃል ሩቅ አያስመስልሽ። የአፍሪካ ሲዲሲ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ከሀዋሳ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅትም አዲስ አበባ የአገር ቢሮ አለው፣ ከእሱ በላይ ብራዛቪል ያለው የአፍሪካ ቢሮና ጄኔቭ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ናቸው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ወደ ዓለም አቀፍ ሥራ የሚገባው በአገር ውስጥ ለዜጎች በሚወጣ ቅጥር ነው። ውጭ አገር የሚመደበው ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃዎቹን እወቂያቸው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ፒ-2 የሚባለው ጀማሪ ዓለም አቀፍ ደረጃ በተለምዶ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፣ ፒ-3 አምስት ዓመት። ጄፒኦ የሚባለው የወጣት ባለሙያዎች ፕሮግራም በብዛት ሀብታም አገሮች ለራሳቸው ዜጎች የሚከፍሉበት ነው፣ እሱ ላይ ተስፋሽን አትጣይ። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ግን ያንቺ ነው። የወጣቶች ምድቡ ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉት ነው። አንቺ 24 ነሽ። ይህ በር ከሁሉም ቀድሞ የሚዘጋብሽ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ተመዝገቢ። ምዝገባው በነጻ ነው፣ ለበጎ ፈቃደኛው ወርሃዊ የኑሮ አበልም ይከፈላል።

አንድ መራራ ነገርም አለ፣ ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። የአሜሪካ መንግሥት በጃንዋሪ 2025 የውጭ እርዳታውን አቆመ፣ ከዓለም ጤና ድርጅት እንደሚወጣም አስታወቀ። በዚያው ዓመት ጁላይ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ራሱን የቻለ ተቋም መሆኑ አበቃ። እዚህ አገር ብዙ የጤና ፕሮጀክት ተዘጋ፣ ብዙ ባለሙያ በአንድ ደብዳቤ ከሥራ ወጣ። ዛሬ ጀማሪ ቦታ ላይ የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ሰው ያመለክታል። ይህ መስክ ሞቷል ብዬ አላምንም። ግን በአንድ ለጋሽ ፕሮጀክት ላይ ብቻ የሚሠራ ችሎታ ይዘሽ አትቁሚ። ዳታ የሚያጸዳ፣ ጥናት የሚነድፍና ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ጤና ቢሮም ይፈልገዋል፣ ዩኒቨርሲቲም ይፈልገዋል፣ የግል አማካሪ ድርጅትም ይፈልገዋል።

አሁን ወደ ሁለቱ ምርጫዎችሽ።

አባትሽ ነርሲንግ ያሉት እንጀራሽን አስበው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ነርስነት የተከበረ ሙያ ነው። ግን በሽተኛ አጠገብ መቆም የሚፈልግ ሰው ሙያ ነው፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ያንን ፍላጎት አላየሁም። በዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል። ስትጨርሺ 28 ትሆኛለሽ፣ ያን ጊዜም ማስተርሱና ልምዱ ገና ይቀሩሻል። መዞሪያው ከመንገዱ ይረዝማል።

የስድስት ወሩን ማስተርስ በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፦ አትክፈዪ። እውነተኛ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይወስዳል። የለንደን የሃይጂንና የትሮፒካል ሜዲስን ትምህርት ቤት በርቀት የሚሰጠው እንኳ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። የትኛውንም የውጭ ዲግሪ ከመጀመርሽ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ይሰጠው እንደሆነ ጠይቂ። ብሩንም አስቢው። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ሲተመን፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ 100 ብር አለፈ። በደመወዝተኛ ቤተሰብ ኪስ የሚከፈል የዶላር ትምህርት ቤት ያስሸጣል።

አገር ውስጥስ? አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ጎንደርና እዚያው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ይሰጣሉ። ጠቅላላ የኅብረተሰብ ጤናና ኤፒዲሚዮሎጂ በአብዛኛው የጤና ዲግሪ ይጠይቃሉ። እንደ ጤና ማስተዋወቅ ወይም ክትትልና ግምገማ ያሉ ዘርፎች ለማኅበራዊ ሳይንስ ምሩቅ የሚከፈቱበት ጊዜ አለ። የየዓመቱን ማስታወቂያ አንብቢ፣ ሬጅስትራር ሄደሽ በአካል ጠይቂ። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውንም ማለፍ ይጠበቅብሻል። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ መንገድ ደግሞ አለ፦ በማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ወይም በሥነ ሕዝብ ማስተርስ ይዘሽ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በጤና ላይ መሥራት። ለአንቺ ይህ ከነርሲንጉ በብዙ ይሻላል።

ውጭ አገር ከሆነ በስኮላርሺፕ ብቻ ሂጂ። ሩዋንዳ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ግሎባል ኸልዝ ኢኩዊቲ የጤና ዲግሪ የሌላቸውን ጭምር የሚያይ የማስተርስ ፕሮግራም አለው። ቤልጂየም የአንትወርፕ የትሮፒካል ሜዲስን ተቋም፣ ኔዘርላንድስ አምስተርዳም ያለው ሮያል ትሮፒካል ኢንስቲትዩት በዚህ ዘርፍ የታወቁ ናቸው። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ያም የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ስትጨርሺም ወደ አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት እንድትቆዪ ያስገድዳል። የጀርመኑ ዳድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕም ሁለት ዓመት ልምድ ይላል፣ የመጀመሪያ ዲግሪሽም ከስድስት ዓመት በላይ መቆየት የለበትም። ኮመንዌልዝ የሚባለውን ስኮላርሺፕ ግን እለፊው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አገሮች ማኅበር አባል አይደለችም፣ በየዓመቱ ሰው በከንቱ ይደክምበታል።

ልብ ብለሽ ከሆነ ፒ-2ቱም፣ ቼቭኒንጉም፣ ዳዱም የሚጠይቁሽ አንድ ነገር ነው፦ ሁለት ዓመት። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት ሀዋሳና ዙሪያዋ ላይ የመስክ ሥራ ሥሪ። ከዚያ በስኮላርሺፕ ማስተርስ ግቢ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጪው። ልምድ ሳይኖራቸው ማስተርሱን የያዙ ልጆች ሲቪ በብዛት ይደርሰኛል። ለጀማሪ ሥራ «ዲግሪሽ ይበዛል»፣ ለከፍተኛው «ልምድሽ ያንሳል» እየተባሉ መሃል ላይ ቀርተዋል፣ ያሳዝኑኛል።

የት ትጀምሪያለሽ? ሪፈራል ሆስፒታሉ ያሉ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለጥናታቸው ዳታ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ፣ ሲዳምኛና አማርኛ የሚችል ደግሞ ተመራጭ ነው። ቋንቋሽ ከዲግሪሽ በፊት ያስገባሻል። ሥራው የቀናት ነው፣ አበሉም አያኖርም፣ ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ሥራ አትልቀቂ፣ በእረፍት ጊዜሽ ጀምሪ። ከሁለት ሦስት ጥናት በኋላ ሱፐርቫይዘር ለመሆን ጠይቂ። ጎን ለጎን የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጡትን ኢትዮጆብስንና ሪሊፍዌብን በየሳምንቱ ተመልከቺ። «ፕሮጀክት ኦፊሰር፣ የሥራ ቦታ በንሳ» ወይም «አሮሬሳ» የሚል ካየሽ ከአዲስ አበባው ማስታወቂያ አስቀድመሽ እዚያ አመልክቺ። ከተማ የለመደ ተወዳዳሪ እዚያ ያንሳል፣ ሥራው ግን ያለው እዚያ ነው።

አንድ ችግር ምረጪና የራስሽ አድርጊው። «በሁሉም እሠራለሁ» የሚል ሰው አይታወስም። ሀዋሳ ላይ ለምሳሌ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ጀምሮ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች እየሠሩበት ነው። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ምን ይበላሉ? ሲያማቸው የት ይሄዳሉ? የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ከፈረቃቸው ጋር ይገጥማል ወይ? አንቺ የእነሱ እኩያ ነሽ፣ ቋንቋቸውን ትችያለሽ። በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ግን በደንብ የተሠራ ጽሑፍ ይኑርሽ። ስኮላርሺፕ መገምገሚያ ላይ «ሰዎችን መርዳት እወዳለሁ» ከሚል አሥር ገጽ ድርሰት ይበልጣል።

ቁጥርን አትፍሪ። ሶሺዮሎጂ የተማሩ ልጆች ስታቲስቲክስ ሲባል ይሸሻሉ፣ በዚህ ሙያ ግን መሸሻ የለም። አር (R) የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016 እ.ኤ.አ. ዳታዎችን ተመራማሪዎች ጥያቄ አቅርበው ያለ ክፍያ ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። በአንዱ ላይ ተለማመጂ። ኦንላይን የሚሰጡ ነጻ የኤፒዲሚዮሎጂ ኮርሶችንም ውሰጂ፣ ግን ለእውቀቱ እንጂ ለሰርተፊኬቱ አትሰብስቢያቸው።

መስክ ስትወጪ አንድ ነገር ከልቤ ላስጠንቅቅሽ። ሲደክማቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፎርም የሚሞሉ ዳታ ሰብሳቢዎች አሉ። ታብሌቱ ሰዓቱንና ቦታውን ይመዘግባል፣ አሥር ቤት በአንድ ጥላ ሥር ተሞልቶ ሲመጣ ወዲያው ይታያል። ከዚያ በላይ ግን፣ ያ የውሸት ቁጥር ለአንድ ወረዳ መድኃኒት የሚታዘዝበት ቁጥር ነው። አንድ ጊዜ ከተገኘብሽ በዚህች ከተማ ማንም ደግሞ አይጠራሽም፣ ሊጠራሽም አይገባም።

«የዩኤን ሥራ እናስገባለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ላይ ክፍያ አይጠይቁም። ለዚያ የትምህርት ኤጀንሲ ቀብድ ከፍለሽ ከሆነ ደረሰኝሽን ይዘሽ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው።

አባትሽ ለኮሌጅ ያዘጋጁት ገንዘብ ካለ፣ ከእሱ ላይ ደህና ላፕቶፕ ይግዙልሽ። ቀሪውን ለእንግሊዝኛ ፈተናና ለማመልከቻ ወጪዎች ያስቀምጡልሽ። አይኤልትሱን ግን አሁን አትፈተኚ። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ስኮላርሺፕ የምታመለክቺበት ዓመት ሲደርስ ተፈተኚ።